«ለካሽ ወይስ ጻፍሽ?»

መርዶው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። ከማላውቀው ቁጥር፣ ፎቶ ከሌለው ሰው፣ «አንጓች አርፋለች፤ ለመሠረት ንገሯት» የሚል አንድ መስመር። መሠረት እኔ ነኝ። ለእኔው የተላከ መልእክት «ለመሠረት ንገሯት» ማለቱ አላማረኝም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተጠርቶ፣ በማለዳ፣ በር ተንኳኩቶ ነው፤ እንዲህ ተወርውሮ አይደለም። ስለዚህ አላለቀስኩም። ለራሷ ለአንጓች ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ያን ሰሞን እሷ የምትሠራበት የስማዳ ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ወደ ወረዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ የሚመላለስ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ፈልጌ ጠየቅሁት።

«ሰምቻለሁ መሰለኝ» አለኝ።

«መሰለኝ ምንድን ነው? ለቅሶው ላይ ነበርክ?»

ፊቱን አዞረብኝ። ለሦስት ቀን አላመንኩም። በአራተኛው ቀን ልጇ ሰናይት ራሷ ደወለችልኝ። ገና ስሜን ስትጠራ ገባኝ።

«ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ» አለችኝ። «እሷ ግን አላመነቻቸውም። ውጤቱን ሁለት ቦታ አሠርታዋለች። ሁለተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው ሲሆን ነው መገነዣዋን በሻንጣ ያዘጋጀችው።»

እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸት ነው ባልኩ ነበር። እትዬ አንጓች ግን እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

የተዋወቅነው ንፋስ መውጫ ነው። እኔ ከእስቴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አዋላጅ ነርስ እሆናለሁ ብዬ አንድ ኮሌጅ የገባሁ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በምዝገባው ቀን ከፊቴ የቆመችው ሴት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልላ በደረቷ ይዛለች። ዘበኛው፣

«የልጅዎን ነው የሚያስመዘግቡ እማማ? ልጅቱ ራሷ መምጣት አለባት» አላት።

«ራሴን ነው» አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ደረቱ ላይ ያለውን መታወቂያ አነበበች። «አንተ ደሞ ዘበኛ ነህ እንጂ መዝጋቢ አይደለህ። ማን ጠይቅ አለህ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከወገዳ ወዲያ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው የመጣችው። ሦስት ልጆቿን ለአማቷ ትታለች። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣው የነበረውን ትምህርት ከዓመታት በኋላ ወገዳ በማታ ጨርሳ፣ ከእኛ ከልጆቹ እኩል ተፈትና ነው ያለፈችው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ያኔ የታየኝ ብቻዬን ልከራየው የማልችለውን ክፍል የምትጋራኝ ሰው ማግኘቴ ነበር።

አንድ ክፍል ተከራየን፤ መሐሉን በአንሶላ ጋረድነው። በሳምንቱ ተጸጸትኩ። ብስኩት ስገዛ ጀርባውን አገላብጣ ቀኑ ማለፍ አለማለፉን ታያለች። ውሃ ራሷ ካላፈላችው አትጠጣም። «ዛሬ ክፍል የለም አሉ» ካልኳት፣ «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» ትለኛለች። ሰምቼ ከሆነ በዚያ በንፋስ መውጫ ብርድ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ ኮሌጁ ሄዳ፣ የተዘጋውን በር በእጇ ገፍታ ትመለሳለች።

ክፍል ውስጥም እንዲያው ናት። መምህሩ አንድ ነገር ሲናገር እጇን ታወጣለች። «መምህር፣ ይኸን መጽሐፉ ነው የሚለው ወይስ እርስዎ ነዎት?» ወንዶቹ «ኦዲተሯ» አሏት። ከክፍል በኋላ ቀርታ ከመምህራን ጋር ስለምትነጋገር ደግሞ የእኛን ወሬ ለዲኑ ታደርሳለች የሚል ነገር ተነዛ። እኔም አመንኩ። እሷ ስትገባ ወሬ አቆም ጀመር።

ልጆቿን የምታነጋግርበትን መንገድ ግን እወደው ነበር። እሑድ እሑድ ትደውልና መጀመሪያ ትልቋን ሰናይትን፣ «ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሄዳችኋል?» ትላታለች። ከዚያ መካከለኛውን ልጅ ታስቀርብና ያንኑ ትጠይቀዋለች። ከዚያ ትንሹን። በመጨረሻ አማቷን። መልሶቹ ካልገጠሙ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ቀን ትንሹ ልጅ፣ «እማ፣ ሰናይት እንዲህ በል ብላኛለች» ብሎ ሲያጋልጥ አንሶላው ወዲያ ሆኜ ሳቄን ማፈን አቃተኝ። እሷም ሳቀች።

ባሏ አያ ዘውዱም በእሷው መንገድ ይጠረጥራት ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ፣ ጋቢ የለበሰ ረጅም ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አየሁ። በማግስቱም እዚያው አለ። ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ ይመለከታል። ፈራሁና ለእትዬ አንጓች ነገርኳት።

«ባሌ ነው» አለችኝ፤ ደብተሯን ሳትዘጋ።

«ታዲያ ለምን አታነጋግሪውም?»

«ይይ። ሁለት ቀን ለማየት መጥቷል፣ ሁለት ቀን ይይ።»

በሦስተኛው ቀን ከክፍል ወጥታ ሄደችና እጁን ይዛ ወደ ግቢው አስገባችው። መምህሯን አስፈቅዳ፣ ማዋለድ የምንለማመድበት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ያለበት ክፍል አስገባችው። እኛ በመስኮት እናያለን። የአሻንጉሊቱን ሆድ ከፈተች፤ ሕፃኑ እንዴት እንደሚዞር፣ ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ እትብቱ ሲጠመጠም ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ አሳየችው። አያ ዘውዱ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ ላብ በላብ ሆነ።

«የማየው ይኸን ነው» አለችው። «ሌላ ማየት የምትፈልገው አለ?»

«የለም» አለ። ያመጣውን የበሶ ዱቄት አስረክቦ በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሲመጣ በር ላይ አልቆመም፤ ቀጥታ ቤታችን ይመጣና «እንዴት ነው ትምህርቱ?» እያለ እኔንም ይጠይቀኝ ጀመር።

የእኔ ጥርጣሬ ግን እንደ እሱ በሁለት ቀን አልለቀቀኝም። አልጋዋ ሥር ቁልፍ ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ሻንጣ ነበራት። አንድ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ቁልፉን ረሳችው። ከፈትኩት። ከልጆቿ ፎቶ ሥር ያገኘሁት አንድ የእርግዝና ክትትል ካርድ ነው፤ የታጠፈበት ሊበጠስ የደረሰ፤ ስሙ ላይ «ጥሩዬ» ይላል። የአባት ስሙ የእትዬ አንጓች ነው፤ የመጀመሪያው ስም ግን ጥሩዬ። ይቺ ሴት አንጓች አይደለችም አልኩ። በሌላ ሰው ማስረጃ ነው የምትማረው!

እሷን አልጠየቅኋትም። ለሁለት ጓደኞቼ ነገርኩ። በሳምንቱ ወሬው ሬጅስትራር ቢሮ ደርሶ እትዬ አንጓች ተጠራች። ማስረጃዋ ትክክለኛ መሆኑን ከቀበሌዋ በማኅተም አስመስክራ እንድታመጣ ተነገራት። ያን ቁልቁለትና አቀበት ወርዳ ወጥታ፣ በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌና አንድ ደብዳቤ ይዛ ተመለሰች። ከንፈሯ በንፋስ ተሰነጣጥቋል። አንድ ፈተና አመለጣት። ማን እንዳወራባት አልጠየቀችም። ሻንጣዋንም ሌላ ቦታ አላዛወረችውም፤ አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብን። ሐሙስ የነፍሰ ጡሮች ቀን ነው፤ በረንዳው ይሞላል። ያን ዕለት ደም ግፊት የመለካቱ ተራ የእኔ ነበር። መለኪያው አንድ ነው፤ እሱንም ወደ ማዋለጃ ክፍል ወስደውታል። እሱን ፍለጋ አሥር ጊዜ መመላለስ ሰለቸኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ወጣት ናት፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ሰላምተኛ። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር በኩል የመጣች የቄስ ሚስት ናት፤ ስንዱ ትባላለች።

«ምን ይሰማሻል?»

«ደህና ነኝ። ራሴን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ ፀሐዩ ነው።»

ካርዷ ላይ ያለፈው ጊዜ 110/70 ይላል። እኔም 110/70 ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋት።

እትዬ አንጓች በሌላኛው ክፍል ክትባት ትሰጥ ነበር። ሴትዮዋ በበረንዳው ስታልፍ በመስኮት አየቻት። ፊቷን አይደለም ያየችው፤ እግሯን ነው። የፕላስቲክ ጫማዋ ማሰሪያ በቢላ ተቆርጧል፤ እግሯ አብጦ አልገባ ብሏት ባሏ ነው የቆረጠላት። እትዬ አንጓች ወጥታ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«መሠረት፣ ያቺን ሴት ለካሻት ወይስ ጻፍሽላት?»

«ለክቻታለሁ።»

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬን አየች፤ መለኪያው የለም። እየሮጠች ወጣች።

ቄሱ በቅሎዋን ጭነው ሚስታቸውን ሊያስቀምጡ ነበር። እትዬ አንጓች መስቀላቸውን ሳትሳለም የበቅሎዋን ልጓም ያዘች።

«አባ፣ ይመልሷት።»

«ምን ሆና ነው ልጄ? አሁን እኮ ደህና ናት ብላችኋል። እኔ ደግሞ ነገ ቅዳሴ አለብኝ፤ መንገዳችን ሩቅ ነው።»

«ደህና ናት ያለችው እኔ አይደለሁም። ይመልሷት።»

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ። በመጨረሻ «ቅዳሴውስ ሌላ ቄስ ይቀድሰዋል» ብለው ሚስታቸውን ደግፈው ተመለሱ።

መለኪያውን ከማዋለጃ ክፍል አምጥታ ለካቻት። 170/110። ማንንም ስለማታምን እንደገና በሌላኛው ክንዷ ለካቻት፤ ያው ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መጀመሪያ «ተማሪ ምን ታውቃለች» ብላ ተቆጣች። ራሷ ስትለካ ግን ፊቷ ተለወጠ። ስንዱ በዚያው ሰዓት «ዓይኔ ብዥ አለብኝ» አለች። ማንቀጥቀጡን የሚከላከለው መርፌ ተሰጣት፤ አምቡላንስ ተጠራ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳትደርስ አንቀጥቅጦ ጥሏት ነበር፤ ግን እሷም ሕፃኑም ተረፉ። ይህን ከሦስት ቀን በኋላ ቄሱ ራሳቸው መጥተው ነገሩን። እኔንም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው ባረኩኝ። እኔን!

እትዬ አንጓች በዚያው ሳምንት ለኮሌጁ በጽሑፍ አመለከተች። «ተማሪ መሠረት ሳትለካ ጽፋለች፤ ስጠይቃትም ዋሽታለች።» ልምምዱን ስድስት ወር እንድደግም ተወሰነ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ቀረሁ። አባቴ እስቴ ሆኖ በግ ሊያርድ የተዘጋጀበት ምርቃት ነበር።

ውሳኔው በተነገረኝ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ሁሉንም አወጣሁት።

«ተበቀልሽኝ አይደል? በሬጅስትራሩ ነገር።»

የጨመቀችውን ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ዞር አለች። «የሬጅስትራሩን አንቺ እንደሆንሽ ያን ቀኑን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልሽ? የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት አይተሽ ብትጠረጥሪ አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ነውሩ ሻንጣ መክፈትሽ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ እኔን ሳትጠይቂ ለሴቶቹ ማውራትሽ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ቤት ገባችና ካርዱን አምጥታ ሰጠችኝ። «አሁን አንብቢው። ስሙን ብቻ ሳይሆን ውስጡን።»

ከፈትኩት። አራት ጊዜ ክትትል። አራቱም ጊዜ 110/70። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ።

«ጥሩዬ ታናሽ እህቴ ናት» አለች። «እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ራሴን አመመኝ እያለች አራት ጊዜ ሄደች፣ አራት ጊዜ ደህና ነሽ ብለው መለሷት። በአምስተኛው በቃሬዛ ነው የወሰድናት። አልደረስንም። ቀብሯ ካለፈ በኋላ ይህን ወረቀት ሳይ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን እኔ ገበሬ ነኝ፤ በግ እንኳ በየወሩ ሲመዘን አንድ አይሆንም። የሰው ደም እንዴት አራት ጊዜ አንድ ይሆናል? የጻፈችውን ሴት ፍለጋ ሄድኩ። ተቀይራለች አሉኝ። የት እንደሄደች የሚነግረኝ አጣሁ። ከዚያ እሷን መፈለጉን ተውኩና ደብተር ገዛሁ።»

ቀሚሱን አራግፋ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

«ስሚ መሠረት። አንቺን ዝም ብልሽ ኖሮ፣ ያቺን ካርዱን የጻፈችውን ሴትዮ በእጄ አሳድጌ ላክኋት ማለት ነው።»

በዚህ ታረቅን ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልታረቅንም። አፍሬ ነበር፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ያሳፈረውን ሰው ማየት አይወድም። በሳምንቱ ሌላ ቤት ተከራየሁ። እሷ ተመርቃ ወደ ስማዳ ተመለሰች፤ እኔ የተቀጣሁትን ስድስት ወር ጨርሼ ላይ ጋይንት ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። አንዳንዴ ስለ እሷ እሰማለሁ። በክረምት የሚመጣ መድኃኒት ሳጥን ሳትቆጥር አትፈርምም ይሏታል፤ ኃላፊዎቹ ይፈሯታል፤ እናቶቹ ግን የሌላ ባለሙያ ተራ ሲሆን «አንጓች የምትገባው መቼ ነው?» ብለው ይመለሳሉ ይላሉ። የሰማሁትን ሁሉ አላምንም፤ ይህን ግን አመንኩ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልለካ የጻፍኩት ቁጥር የለም። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያችን በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ከጋቢናው መጀመሪያ የወረደችው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ናት፤ ጸጉሯ ከሻሹ ሥር ነጥቷል። ቀጥላ ደግፋ ያወረደቻት ወጣት ሴት ደግሞ ሆዷ ገፍቷል። ሰናይት መሆኗን ያወቅሁት በጥርሷ ነው፤ ልክ የእናቷ።

«ምጥ ጀምሯታል» አለች እትዬ አንጓች። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ።

ሰናይትን አስተኛኋትና ለካኋት። 120/80። እትዬ አንጓች መለኪያውን ከእጄ ወሰደች፤ ራሷ ለካች። የሕፃኑን የልብ ምትም አዳመጠች፤ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። አልከፋኝም። እንዲያውም መብራቱን አቀረብኩላት። ስትጨርስ አንገቷን ነቅንቃ ወደ በረንዳው ወጣች። ተከተልኳት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከወገዳ እዚህ ድረስ ሁለት ጤና ጣቢያና አንድ ሆስፒታል አልፈሽ ነው የመጣሽው። አንቺ ራስሽም አዋላጅ ነሽ። ለምን ወደ እኔ?»

«በልጄ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። «ሌሎቹን ደግሞ አላውቃቸውም።»

«እኔን ታውቂኛለሽ፤ ለዚህ ነው እኮ የጠየቅሁሽ።»

«አዎ። አንቺ አንድ ጊዜ ዋሽተሽ ተይዘሻል። ምን እንዳስከተለም በዓይንሽ አይተሻል። እኔ የምፈራው ያልተያዘችውን ነው።»

ሰናይት ከውስጥ ጮኸች። በሩን ከፍቼ እናቷ እንድታልፍ ቆምኩላት።

«አልገባም» አለችኝ። «ሥራሽን ሥሪ።»

ገባሁ። ምጡ ከባድ አልነበረም፤ ሰናይት ግን የመጀመሪያዋ ነውና ፈርታለች፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ከቀትር በፊት ልጅቷ ተወለደች፤ ወዲያው አለቀሰች። አድርቄ፣ መዝኜ፣ እናቷ ደረት ላይ አድርጌ ወጣሁ። እትዬ አንጓች በረንዳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ሴት ናት» አልኳት። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ባወቅኋት ዓመታት ሁሉ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካክላ አሰረች፤ የልጅ ልጇን ለማየት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።